ከጣና ዳር ለሚጠልቅ ሰው የሚጎተት ተንሳፋፊ፦ የአሠራር መመሪያ

ያለ ጀልባ ከዳር ተነሥቶ ወደ ውኃ የሚገባ ጠላቂ፣ ጦር ይዞ ዓሣ የሚያድን ቢሆን ወይም ድንጋይ የያዘውን መረብ ለማስለቀቅ የሚጠልቅ ቢሆን፣ ከውኃው በላይ መኖሩን የሚያሳይ ምልክት ከሌለው ለጀልባ ነጂ ጨርሶ አይታይም። ራሱን ብቅ አድርጎ ሲተነፍስ እንኳ ከሞገዱ ጥላ የሚለየው ነገር የለም። ከኋላው የሚጎትተው ተንሳፋፊ ይህንን ጉድለት ይሞላል። የተንሳፋፊው የመጀመሪያ ሥራ ጠላቂው ያለበትን ማሳየት ነው፤ ሁለተኛው የደከመ ሰው ደረቱን አስደግፎ የሚያርፍበት መሆን ነው፤ ዓሣና ዕቃ መያዝ ከሁለቱ ቀጥሎ የሚመጣ ሦስተኛ ሥራ ነው። ብዙ ሰዎች ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ከጭነቱ ስለሚጀምሩ ሰፊና ከባድ ነገር ሠርተው፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጎተቱ ሲያስቸግራቸው ዳር ላይ ትተውት ይገባሉ። ዳር የቀረ ተንሳፋፊ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ እያንዳንዱ ልክና እያንዳንዱ የዕቃ ምርጫ የሚመዘነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ጠላቂው ይህንን ነገር ሳይማረር ቀኑን ሙሉ ሊጎትተው ይችላልን?

ውኃውን አስቀድሞ ማወቅ

ከዳር እየጠለቁ በጦር ዓሣ ማደን በአብዛኛው የባሕር ልማድ ነው። በባሕር ላይ የሚሠራባቸው ልኮች፣ ለምሳሌ ከ20 እስከ 30 ሜትር የሚደርስ መጎተቻ ገመድ፣ የጠራና ጥልቅ ውኃን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው። ጣና ሌላ ዓይነት ውኃ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በባሕር ዳርና በዘጌ በኩል ከዳር የሚገባ ሰው የሚደርስበት ጥልቀት ደግሞ ከዚያ በብዙ ያንሳል። በክረምት እንደ ግልገል ዓባይ ያሉ ወንዞች ከጎጃም ደጋ አፈር አጥበው ስለሚያመጡ ውኃው ይደፈርሳል፤ ከክረምት ውጭም ቢሆን ሐይቁ የጠራ ነው አይባልም። በደቡቡ ዳር የሚገኘው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ገመድን ይፈትጋል፤ ዳር ዳሩን የበቀለው ደንገልም (ፓፒረስ) የላላ ገመድን ጠምጥሞ ይይዛል። በየቦታው የተዘረጋው የዓሣ መረብ ከሁሉም የባሰ ያሰጋል።

ከነዚህ የተነሣ ጦር ከመያዝ በፊት የውኃውን ጥራት መለካት የግድ ነው። ነጭ ሳህን በገመድ አሥረው ቀስ እያሉ ያውርዱና ከዓይን የሚጠፋበትን ጥልቀት ይለኩ። ሳህኑ ሁለት ሜትር ሳይደርስ ከጠፋ ጦሩን ቤት መተው ይገባል፤ ምክንያቱም የጦሩ ጫፍ የሚደርስበትን የማያይ ሰው ባልንጀራውንም ሊወጋ ይችላልና። በጣና አብዛኛው ቀን እንዲህ ያለ ነው፤ ተንሳፋፊው ግን መረብ ለሚያስለቅቅ፣ የጀልባ ገመድ ለሚፈታ፣ ወይም ለመዋኘት ብቻ ለሚገባ ሰውም እኩል ያገለግላል። በጦር የሚያድን ሰው ደግሞ በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረት ስለ ፈቃድ የወረዳውን የግብርና ባለሙያ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። በክረምት መጨረሻ ዓሦች ለመራባት ወደ ወንዝ በሚወጡበት ጊዜ በወንዝ አፍ ላይ ማድፈጥ ግን፣ ማንም ባይከለክለውም እንኳ፣ የነገውን ዓሣ ማጥፋት ስለሆነ በፍጹም አይደረግ።

ተንሳፋፊ ማንንም የማያድንባቸው ቦታዎችም አሉ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ፣ በጨራጨራ ግድብ በኩል፣ ወራጅ ውኃ አለ፤ ጉማሬም አለ። በወራጅ ውኃ ውስጥ ገመዱ አንድ ነገር ቢይዘው ውኃው ተንሳፋፊውን ወደ ታች እየገፋ ጠላቂውን አብሮ ይጎትተዋል። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ባለው በረሃማ ሸለቆ ደግሞ አዞ ስለሚገኝ እዚያ ለመጥለቅ መታሰብም የለበትም።

አካሉን መምረጥ

በቅርብ የሚገኘው ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ነው። ባዶውን ተከድኖ ወደ 19 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጭነት ያንሳፍፋል፤ ስለዚህ ከማንሳፈፍ ኃይል አንጻር እንከን የለውም። ችግሩ ግንባሩ ጠፍጣፋ መሆኑ ነው። ውኃው በተጎታች ነገር ላይ የሚያሳድረው ተቃውሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ጠፍጣፋ ግንባር ያለው አካል በእርጋታ ሲዋኙ ብዙ ባይሰማም ነፋስ ተነሥቶ ወደ ዳር ለመመለስ ሲጣደፉ፣ ማለትም ጉልበት በሚያስፈልግበት በዚያው ሰዓት፣ ወደ ኋላ ይይዛል። በተጨማሪም ጀሪካንና የውኃ ላስቲክ፣ ሕዝቡ ሃይላንድ የሚለው፣ ዓሣ አስጋሪዎች ለመረብ ምልክት የሚጠቀሙበት ነገር ስለሆነ፣ ጀልባ ነጂው ከሩቅ ሲያየው ከሥሩ ሰው እንዳለ አይጠረጥርም።

የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ለማረፍ እጅግ ይመቻል፤ ነገር ግን ክብ ስለሆነ ሲጎተት ይዞራል፣ አየሩም ከቦታ ቦታ ይለዋወጣል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ጠንክሮ የተነፋ ከመነዳሪ ወደ ጣና ሲወርድ የአካባቢው የአየር ግፊት ስለሚጨምር ላላ ይላል። በፀሐይ ሲቀመጥ ደግሞ ተወጥሮ ውኃ ሲነካው መልሶ ይረግባል። ይህን ሁሉ እየተከታተሉ ሊጠቀሙበት ይቻላል፤ ሆኖም የሾለ ጦርና የዓሣ እሾህ ባለበት ሥራ አንድ ክፍል ብቻ ባለው የአየር ዕቃ መታመን አልመክርም።

ደንገል ከሁሉ የሚቀድም የአገሩ ዕቃ ነው። በጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች የሚሠሩት ታንኳ ፊቱ ሾጥጦ ወደ ላይ የተቃና በመሆኑ ውኃን እንዴት መክፈል እንደሚገባ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ያስተምራል፤ ከዚህ በታች የቀረበውም ንድፍ አፍንጫውን የወሰደው ከዚያ ነው። ይሁንና ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወጥቶ ካልደረቀ ዕድሜው ያጥራል።

ስለዚህ ለረጅም ጊዜ አገልግሎት የምመርጠው 110 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው የፍሳሽ ፒቪሲ ቱቦ የሚሠራ ባለ ሁለት አካል ተንሳፋፊ ነው። አንድ ቱቦ 6 ሜትር ሆኖ ስለሚሸጥ በእያንዳንዱ 1.2 ሜትር ተቆርጦ ለሁለት ተንሳፋፊ የሚበቃ አራት ቁራጭ ይወጣዋል፣ ትርፍም ይተርፋል። ብቻውን መጥለቅ የሚገባው ሰው ስለሌለ ከባልንጀራ ጋር ተካፍሎ መግዛቱ ትክክለኛው መንገድ ነው።

ስሌቱ እንደሚከተለው ነው። 1.2 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቁራጭ ሙሉ በሙሉ ሲሰጥም 11.4 ሊትር ያህል ውኃ ይገፋል፤ አንድ ሊትር ጨው የሌለው ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ሁለቱ ቁራጮች 22.8 ኪሎ ግራም ያነሣሉ ማለት ነው። ከዚህ ላይ የቱቦው፣ የመጋጠሚያዎቹ፣ የቀርከሃውና የባንዲራው ክብደት፣ በድምሩ 6 ኪሎ ግራም ገደማ ሲቀነስ ወደ 16 ወይም 17 ኪሎ ግራም ይተርፋል። የሰው ራስ 5 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ራሱንና ትከሻውን ከውኃ አውጥቶ በክንዱ ለሚደገፍ አንድ ሰው ይህ ይበቃል፤ ሁለት ሰዎችም ሳይወጡበት ጠርዙን ይዘው ሊያርፉ ይችላሉ። በጨው ባሕር የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ውኃው በመቶ ሁለት ተኩል ያህል ስለሚከብድ የማንሳፈፍ ኃይሉም በዚያው ልክ ይጨምር ነበር፤ ከባሕር የመጣ ንድፍ በጣና ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

ዕቃዎቹና አሠራሩ

ከቱቦው በተጨማሪ አራት ታፖ (የቱቦ ጫፍ መክደኛ)፣ ሁለት ባለ 45 ዲግሪ ጎሚቶ (የታጠፈ መጋጠሚያ)፣ የፒቪሲ ማጣበቂያ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ስምንት ባለ አንድ ሊትር ባዶ ሃይላንድ ከነክዳኑ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ደረቅ ቀርከሃ፣ ያረጀ ከመነዳሪ፣ ብርቱካናማ ቀለም፣ የአሮጌ መረብ ቁራጭና 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የላስቲክ ገመድ ያስፈልጋሉ። ቀርከሃ በእንጅባራ ገበያ በደህና ዋጋ ይገኛል፤ እርጥቡን ሳይሆን የደረቀውን ይምረጡ፣ እርጥብ ቀርከሃ ሲደርቅ ስለሚኮማተር እሥሩ ይላላልና።

በመጀመሪያ ሁለቱን ቁራጮች ቀጥ አድርገው ይቁረጡና የጫፋቸውን ፍርፋሪ በብርጭቆ ወረቀት ያስወግዱ። የሚጣበቀውን ገጽ፣ በውስጥም በውጭም፣ ልሙጥነቱ እስኪጠፋ ድረስ ይሞርዱ፤ አቧራና ቅባት የቀረበት መጋጠሚያ ለዓይን የተጣበቀ ቢመስልም ውኃ ማስገባቱ አይቀርም። በአንድ ጫፍ ጎሚቶውን ያጣብቁ፤ በጎሚቶው ሌላ ጫፍ አጭር የቱቦ ቁራጭ ጨምረው በታፖ ይዝጉት። ወደ ላይ የሚያቀናው ይህ ጫፍ የተንሳፋፊው አፍንጫ ይሆናል። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ አራት አራት ሃይላንድ ክዳናቸውን አጥብቀው ያስገቡ። ይህን ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ነገር ሊያየው ይችላል፤ ነገር ግን ቱቦው በድንጋይ ተሰንጥቆ ውኃ ቢሞላ በውስጡ የቀረው አራት ሊትር አየር ስለሚያንሳፍፈው ምልክቱ ከውኃ በላይ ይቆያል፣ ጠላቂውም የሚይዘው ነገር አያጣም።

የኋላውን ታፖ ሲዘጉ ውስጥ የታፈነው አየር ተጨምቆ ታፖውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ማጣበቂያው እስኪይዝ ድረስ በመዳፍ ተጭነው ይቆዩ፤ ከተቻለ በጎማ ክር ከፊት እስከ ኋላ ወጥረው ይሠሩት። ከዚያ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሳይነካ በጥላ ይቀመጥ።

መፍሰስ አለመፍሰሱን ለመፈተን ቱቦውን ወደ ውኃ መክተት አያስፈልግም። ፀሐይ ላይ አውጥተው ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ስለሚሰፋ፣ በየመጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቢቀቡ ትንሿ ቀዳዳ እንኳ አረፋውን እየነፋች ራሷን ትገልጣለች። በፀሐይ የሞቀ ቱቦ ሳይፈተን በቀጥታ ቀዝቃዛ ውኃ ቢነካ ግን አየሩ ይኮማተርና ቀዳዳ ካለ ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል። የፈሰሰውን መጋጠሚያ እንደገና ሞርደው ማጣበቂያ ይጨምሩበት፤ ሲሊኮን ብቻ መለጠፍ ለጊዜው ቢዘጋም በመጎተት ብዛት ይላቀቃል።

የተፈተኑትን ሁለት ቱቦዎች አፍንጫቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ከመሐል እስከ መሐል 40 ሴንቲ ሜትር አራርቀው፣ በሦስት የቀርከሃ አግዳሚዎች ያያይዟቸው። የፊተኛው አግዳሚ ጎሚቶው ከሚጀምርበት ጥቂት ወደ ኋላ፣ ሁለተኛው ከመካከል፣ ሦስተኛው ከኋላ ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ገባ ብሎ ይቀመጥ። እሥሩ በሁለት ጣት ስፋት በተቆረጠ የከመነዳሪ ጠፍር ይሁን፤ ጠፍሩን እየወጠሩ በመስቀል ደጋግመው ከጠመጠሙት ከገመድ የተሻለ ይይዛል፣ ሲረጥብም አይላላም። ቱቦውን በብሎን ለመብሳት የሚፈተን ሰው ይኖራል፤ እያንዳንዱ ብስ የውኃ መግቢያ ስለሆነ በምንም ምክንያት አይበሳ። በአግዳሚዎቹ መካከል የመረቡን ቁራጭ ወጥረው ሲሠሩት መድረኩ ይሆናል። መረብ የሚመረጠው ሞገድ ሲመታው ውኃውን አሳልፎ ስለሚመለስ ነው፤ ጣውላ ወይም ላሜራ ግን ሞገዱን ተሸክሞ ይጎተታል።

በመጨረሻ ሁሉንም በብርጭቆ ወረቀት ሞርደው ብርቱካናማ ቀለም ይቀቡ። ሆዱን ጭምር መቀባት እንዳይረሳ። ባለ ሁለት አካል ተንሳፋፊ በቀላሉ አይገለበጥም፤ ከተገለበጠ ግን በራሱ አይመለስም፣ ያን ጊዜ የሚታየው ሆዱ ብቻ ነው። በባሕር ላይ አንዳንዶች ከሥሩ ከባድ ብረት አንጠልጥለው በራሱ እንዲቃና ያደርጋሉ። በጣና ግን ከሥር የተንጠለጠለ ፌሮ የሰው መረብ ይጠልፋል፤ ስለዚህ ክብደቱን ትቶ ቀለሙን ማብዛት ይሻላል። ቀለሙ ከመታየቱ ሌላ በደጋው ብርቱ ፀሐይ ፒቪሲው ደርቆ እንዳይሰባበር ይከላከላል።

መጎተቻው ገመድ

ሰው የሚድነውም ሆነ የሚጎዳው ባብዛኛው በገመዱ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

ገመዱ የሚንሳፈፍ ዓይነት መሆን አለበት። ለማረጋገጥ አንድ ክንድ ያህል ቆርጠው በባልዲ ውኃ ውስጥ ይጣሉት፤ ከሰመጠ አይሆንም። የሚሰምጥ ገመድ ከጠላቂው ኋላ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ድንጋይና መረብ እየጠለፈ ይሄዳል። የሚንሳፈፍ ገመድ በበኩሉ በውኃው ገጽ ላይ ስለሚጋደም የሞተር ጀልባ ሊያልፍበት ይችላል፤ ይህን የሚያስቀረው ርዝመቱን ማሳጠር ነው። ለጥልቀቱ አንድ ጊዜ ተኩል የሚሆን ርዝመት ይበቃል፦ ለአራት ሜትር ውኃ ስድስት ሜትር፣ ለስድስት ሜትር ውኃ ዘጠኝ ሜትር። 10 ሜትር ገመድ ይዘው ትርፉን በመድረኩ ላይ ጠምጥመው ማሠር፣ ጥልቀቱ ሲጨምር ብቻ መፍታት ጥሩ ልማድ ነው። ከጥልቀቱ ጋር እኩል የሆነ ወይም ያነሰ ገመድ ግን ጠላቂው ሲወርድ የተንሳፋፊውን አፍንጫ ወደ ውኃ ይነክራል።

በተንሳፋፊው በኩል ገመዱ በአንድ ነጥብ ብቻ አይታሠር። ከፊተኛው አግዳሚ፣ ከሁለቱ ቱቦዎች አጠገብና ከሥር በኩል፣ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ሁለት እግሮች ወጥተው በአንድ ቀለበት ላይ ይገናኙ፤ ዋናው ገመድ ከቀለበቱ ይቀጥላል። ሁለቱ እግሮች ፍጹም እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ በሁለት ጣት እንኳ ቢያጥር ተንሳፋፊው እንደ ማረሻ ወደ ጎን ይገፋል፣ ጠላቂውም ምክንያቱን ሳያውቅ ይደክማል። ገመዱ እንዳይጠማዘዝ በቀለበቱ ላይ በራሱ የሚዞር መጋጠሚያ ቢገባ መልካም ነው።

በጠላቂው በኩል ገመዱ ከወገብ ቀበቶ ጀርባ ይታሠር። በእጅ አንጓ፣ በቁርጭምጭሚት ወይም በአንገት ማሠር አይገባም፤ እጅ ለሥራ ይፈለጋል፣ እግር የታሠረበት ሰው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ለመድረስ ጊዜ ያጣል። ቀበቶው በየትኛውም አንድ እጅ፣ በአንድ ስበት የሚፈታ ይሁን፤ ዓይንን ጨፍኖ፣ በግራም በቀኝም፣ ዳር ላይ ቆሞ ደጋግሞ መለማመድ ይገባል። በባሕር ላይ ትልልቅ ዓሣ የሚያድኑ ሰዎች ገመዱን ከራሳቸው ላይ ሳይሆን ከጦር መወርወሪያው ላይ ያሥሩታል፤ የተወጋው ዓሣ ሲሸሽ ሰውየውን ሳይሆን ተንሳፋፊውን እየጎተተ እንዲደክም ነው። ለጣና ቀረሶና አምባዛ ይህ አያስፈልግም።

ከገመዱ ጋር የሚነሣ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ጀልባ ገመዱን ቢጠልፈው ገመዱ ቶሎ እንዲበጠስ እንፈልጋለን። በሌላ በኩል ጠላቂው ከውኃ በታች ራሱን ቢስት ባልንጀራው ፈልጎ የሚያገኘውና ጎትቶ የሚያወጣው በዚያው ገመድ ስለሆነ እንዳይበጠስ እንፈልጋለን። ሁለቱ ፍላጎቶች የሚታረቁት በልኩ በተመረጠ ደካማ ማያያዣ ነው። የሰው አካል በውኃ ውስጥ የሚከብደው ጥቂት ኪሎ ግራም ብቻ ስለሆነ እርሱን ለመሳብ 20 ኪሎ ግራም የሚችል ክር ይተርፋል፤ የሞተር ጀልባ ጉልበት ደግሞ ከ40 ኪሎ ግራም በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ በቀበቶውና በገመዱ መካከል የቃጫ ሲባጎ ያስገቡ፤ የሲባጎውንም ጥንካሬ እንዲህ ይፈትኑ፦ በውኃ አርሰው፣ ቋጠሮውን ልክ በሥራ ላይ እንደሚሆነው ቋጥረው፣ በውኃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያንጠልጥሉበት። ይህን ሊችል፣ ሁለት የተሞሉ ጀሪካኖች ሲሆኑበት ግን ሊበጠስ ይገባዋል። ካልተበጠሰ ቀጭን ይምረጡ፣ በአንዱ ከተበጠሰ ደርበው ያጠንክሩት። ሲባጎ በውኃ ስለሚበሰብስ ከሥራ በኋላ እየተለወጠ በአዲስ ይተካ።

ራስን የመሳት ነገር በጣና ላይ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ከመጥለቅ በፊት በፍጥነት ደጋግሞ መተንፈስ ይህን አይሞላም፤ ይልቁንም ትንፋሽ እንዲያምረን የሚያደርገውን ስሜት ስለሚያጠፋ ሰው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ከላይ ሆኖ ተንሳፋፊውን ይዞ ይመልከት፤ ሁለቱ አብረው አይጥለቁ። መረብ መቁረጫ ቢላም በተንሳፋፊው ላይ ሳይሆን በጠላቂው ሰውነት ላይ ይሁን፤ መረብ የያዘው ሰው ተንሳፋፊው ጋ ሊደርስ አይችልም።

ባንዲራው

በዓለም ላይ ሁለት የጠላቂ ምልክቶች ይታወቃሉ፦ በአሜሪካ የተለመደው ከጥግ እስከ ጥግ ነጭ መስመር ያለው ቀይ ባንዲራ፣ እንዲሁም በመርከቦች ዓለም አቀፍ ምልክት ውስጥ ኤ ፊደልን የሚወክለው ነጭና ሰማያዊ ባንዲራ። ከሁለቱ ቀዩ ከደንገሉ አረንጓዴና ከደፈረሰው ውኃ ጋር ጎልቶ ስለሚታይ እርሱን ይምረጡ፤ ነጭ የሚበዛበት ከሩቅ የውኃ ወፍ ይመስላል። ይሁን እንጂ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወይም ወደ ዘጌ ተሳላሚ የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ የባንዲራውን ትርጉም ያውቃል ብሎ መገመት አይገባም። በጠዋት ወደ ማረፊያው ሄዶ፣ ባንዲራውን አሳይቶ፣ «ይህን ያያችሁበት ቦታ ከሥሩ ሰው አለና ራቅ ብላችሁ እለፉልን» ብሎ መለመን ከየትኛውም ቀለም የበለጠ ይጠቅማል። ለታንኳ ቀዛፊዎችም እንዲሁ።

ምሰሶው ቀርከሃ ሆኖ በመካከለኛውና በኋለኛው አግዳሚ ላይ በተደገፈ ማቆሚያ ይታሠር፤ ጨርቁ ከውኃው አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ከዚያ ቢያጥር የከሰዓት በኋላው ሞገድ ይሸፍነዋል፣ ቢረዝም ነፋስ ተንሳፋፊውን ያዘነብለዋል። ጨርቁ 40 በ50 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ነፋስ በሌለበትም ተዘርግቶ እንዲቆይ በላይኛው ጠርዙ ቀጭን ቀርከሃ ወይም ሽቦ ይሰፋበት።

ዕቃና ዓሣ

በመድረኩ ላይ የመጠጥ ውኃ፣ ፊሽካና ትርፍ ሲባጎ ይቀመጥ፤ ሁሉም በክር የታሠረ ይሁን። በባሕር ላይ የተያዘው ዓሣ በተንሳፋፊው ላይ የሚደረገው ደም የሚስበው ሻርክ ከሰው እንዲርቅ ነው። በጣና ሻርክ የለም፤ ሥጋቱ ፀሐዩ ነው። ዓሣውን በረጠበ ኬሻ ጠቅልለው በመድረኩ ላይ ያኑሩት፤ ኬሻው እየደረቀ ሲሄድ ስለሚቀዘቅዝ እያረጠቡት ይቆያል። ተንሳፋፊውን ባንድ ቦታ ማቆም ካስፈለገ በመረብ ከረጢት የታሠረ ድንጋይ ይበቃል፤ መረብ የተዘረጋበት ሰፈር ላይ ግን ድንጋይ አይጣል።

ፍተሻ

አዲስ የተሠራውን ተንሳፋፊ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወጡ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ይሞክሩት። 15 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን በመድረኩ ላይ ሲጫን የቱቦዎቹ ጀርባ በጥቂቱ ከውኃ በላይ ሊታይ ይገባል። ቀጥሎ የሥጋ ሻጮች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ተንጠልጣይ ሚዛን በገመዱ ጫፍ አሥረው በመዋኛ ፍጥነት እየሄዱ ይጎትቱት፤ ንባቡ ከግማሽ ኪሎ ግራም ካለፈ የእግሮቹ እኩልነት፣ የአፍንጫው አቀማመጥ ወይም ከሥር የተንጠለጠለ ነገር መኖሩ ይመርመር። አፍንጫው ሲሰምጥ ከታየ ጭነቱን ወደ ኋላ ያሽሹ።

ከሥራ መልስ ተንሳፋፊው ታጥቦ በጥላ ይቀመጥ፤ የእምቦጭ ቁራጭም በጥንቃቄ ይለቀም፣ አንዲት ቅርንጫፍ ወደ ሌላ ኩሬ ብትሻገር እዚያ ትራባለችና። የጣና ዳር ውኃ የቢልሃርዝያ ትል ያለበት በመሆኑ ዘወትር የሚጠልቅ ሰው በየጊዜው በጤና ጣቢያ ይመርመር። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ውኃ ከመግባት በፊት እያንዳንዱን ቱቦ ከፍ አድርገው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዘንብሉት፤ ውስጡ የውኃ ድምፅ ከተሰማ ቀዳዳው ሳይገኝ አይውጣ።